የካቦና ፑሊ የጀልባ መሪ

የካቦና ፑሊ የጀልባ መሪ በአውትቦርድ ሞተር ማለትም ከጀልባው ኋላ ግድግዳ ላይ በሚንጠለጠል ሞተር የሚሄድ ትንሽ ጀልባ አቅጣጫ የሚቀየርበት መሣሪያ ነው። ነጂው የሚያዞረው መሪ ከበሮ ላይ የተጠመጠመ የብረት ገመድ (ካቦ) ይስባል። ካቦው በጀልባው ሁለት ጎኖች በተተከሉ ፑሊዎች (መዘውሮች) አልፎ ወደ ኋላ ይዘልቅና ሞተሩን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያዞራል። በሰሜን አሜሪካ በተለይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ የመዝናኛ ጀልባዎች ላይ በብዛት ይገኛል። በአዲስ ጀልባ ላይ ዛሬ እምብዛም ባይገጠምም አሮጌ ጀልባዎችን የሚያድሱ ሰዎች አሁንም ይጠቀሙበታል።

የዚህ መሪ ጠባይ ሁሉ የሚመነጨው ካቦ መሳብ እንጂ መግፋት ስለማይችል ነው። ሞተሩን ወደ ግራ የሚስበው አንዱ ወገን፣ ወደ ቀኝ የሚስበው ደግሞ ሌላው ወገን ነው። ሁለቱም ወገኖች ሁልጊዜ ካልተወጠሩ መሪው መሪ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ በጥገናው ውስጥ ከፍተኛውን ቦታ የሚይዘው የካቦው ውጥረት ነው።

ታሪክ

ሐሳቡ ከአውትቦርድ ሞተር በጣም ይቀድማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትልልቅ የባሕር መርከቦች ላይ የመሪ መንኮራኩር ሲገባ፣ መንኮራኩሩ የሚያዞረው ከበሮ ገመድ ይጠመጠምበት ነበር። ገመዱ በፑሊዎች አልፎ ከመሪው ሰሌዳ ጋር የተያያዘውን ዘንግ ይስባል። በአሜሪካ ወንዞች ላይ ይሠሩ የነበሩ የእንፋሎት ጀልባዎችም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። ነገር ግን ከመርከቡ ላይ እሳት ሲነሳ የመሪው ገመድ ቀድሞ እየተቃጠለ፣ መርከቡን ወደ ዳር አቅርቦ ሰው ማውረድ የማይቻልበት ጊዜ ነበር። በሐምሌ 1838 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በእንፋሎት መርከቦች ላይ በመሪ ገመድ ፈንታ የብረት ዘንግ ወይም ሰንሰለት እንዲገባ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። የመሪ መስመር መበጠስ የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑ እንግዲህ ከአውትቦርድ ሞተር በፊት የታወቀ ነገር ነው።

ትውልደ ኖርዌያዊው ኦሌ ኤቪንሩድ በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ በ1909 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ሞተር 1.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። እንዲህ ያለውን ሞተር ነጂው ከኋላ ተቀምጦ እጀታውን በመያዝ ይመራዋል፤ ሌላ መሪ አያስፈልገውም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የሞተሩ ጉልበት በፍጥነት አደገ። በ1958 እ.ኤ.አ. ኤቪንሩድና ጆንሰን ባለ 50 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አወጡ። እንዲህ ያለውን ሞተር በእጅ ይዞ መንዳት አድካሚ ነው። በዚያ ላይ ገዢው ጀልባው እንደ መኪና መስተዋትና የፊት ወንበር እንዲኖረው ፈለገ። በዚህ ጊዜ ከበሮ፣ ካቦ፣ ጥቂት ፑሊዎችና ሁለት ሞላ የያዘው የመሪ ዕቃ ርካሽና ማንም ሰው በቤቱ ሊገጥመው የሚችል መፍትሔ ሆነ።

አሠራር

ካቦው አብዛኛውን ጊዜ ከማይዝግ ብረት ወይም ዚንክ ከተነከረ ብረት የተሠራ ሲሆን ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ይለብሳል። በውስጡ ቀጫጭን ሽቦዎች በየዘለላው ተገምደዋል። ሰባት ዘለላ ኖሮት እያንዳንዱ ዘለላ 19 ሽቦ የያዘ ካቦ በድምሩ 133 ሽቦ አለው። በዚህ ዓይነቱ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ካቦ የአንዱ ሽቦ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሰባት ዘለላ ሆኖ እያንዳንዱ ዘለላ 7 ሽቦ ብቻ ከያዘ ግን የሽቦው ውፍረት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በፑሊ ላይ ሲታጠፍ ወፍራሙ ሽቦ ይበልጥ ስለሚጨነቅ ቶሎ ይደክማል። ለመሪ ባለ 133 ሽቦው የሚመረጠው ለዚህ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ትልቅ ፑሊ ከትንሽ ፑሊ ይሻላል።

መሪው ሲዞር ከበሮው ከአንዱ ወገን ካቦ እየጠቀለለ ከሌላው ወገን ይለቃል። የከበሮው ራዲየስ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ የመሪው ደግሞ 18 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የነጂው ጉልበት ካቦው ላይ ከ7 ጊዜ በላይ ይበዛል፤ ከግጭት የሚጠፋው ሳይታሰብ ማለት ነው። የዚህ ከበሮ አንድ ዙር ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ካቦ ያንቀሳቅሳል። የሞተሩ የመሪ ክንድ ርዝመት 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ሞተሩ በእያንዳንዱ ወገን 35 ዲግሪ ከዞረ፣ ከዳር እስከ ዳር ለማድረስ መሪውን ሁለት ዙር ከሩብ ያህል ማዞር በቂ ነው።

በአንዳንድ ጀልባዎች የካቦው ጫፍ በቀጥታ በሞተሩ ክንድ ላይ ይታሰራል። በሌሎች ደግሞ ክንዱ ላይ ፑሊ ይደረግና ካቦው ፑሊውን ዞሮ ወደ ጀልባው ጠርዝ ተመልሶ እዚያ ይታሰራል። ሁለተኛው ዘዴ የሚስበውን ኃይል በእጥፍ ያሳድገዋል፤ በአንጻሩ መሪው በእጥፍ መዞር አለበት። ለከባድ ሞተር ይህ ይመረጣል።

የአቅጣጫው ነገር ጀማሪን ያሳስታል። ሞተሩ የሚዞረው በምሰሶው ላይ ስለሆነ ጀልባው ወደ ቀኝ እንዲሄድ የሞተሩ የፊት ክንድ ወደ ግራ መሳብ አለበት። ስለዚህ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠቀለለው በግራ ጎን የሚሄደው ካቦ ነው። ካቦው ከበሮው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ከተጠመጠመ መሪው ተገልብጦ ይሠራል። ይህን ከውኃ ውጭ ማወቅ ቀላል ሲሆን በውኃ ላይ ግን ለአደጋ ይዳርጋል።

ፑሊዎቹ የሚሸከሙት ከካቦው ውጥረት በላይ ነው። ካቦው በፑሊ ላይ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ የፑሊው ማሰሪያ ላይ የሚያርፈው ኃይል የውጥረቱ 1.4 እጥፍ ነው። ካቦው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በጀልባው የኋላ ማዕዘናት ያሉት ፑሊዎች በእንጨት ብሎን ብቻ ሊያዙ አይገባም። ግድግዳውን አልፎ በሚወጣ ቡሎን፣ ከበስተጀርባውም ሰፊ ሮንዴላ ወይም የብረት ሰሌዳ ተደርጎ በዳዶ መታሰር አለባቸው።

የሞላው ሥራ

ሞላው ለምን እንደገባ የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ይጥለዋል፤ ካቦውን በቀጥታ አስሮ ግትር ማድረግ የተሻለ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የሞተሩ ክንድ ጫፍ ሲዞር የሚጓዘው በቀጥታ መስመር ሳይሆን በቅስት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ከግራ ማዕዘን ፑሊ እስከ ክንዱ፣ ከክንዱ እስከ ቀኝ ማዕዘን ፑሊ ያለው ርቀት ተደምሮ እንደ ሞተሩ አቀማመጥ ይለዋወጣል።

በቁጥር ሲታይ፦ ሁለቱ የማዕዘን ፑሊዎች 140 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው፣ ክንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ረዝሞ፣ ፑሊዎቹ ከክንዱ ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢተከሉ፣ ሞተሩ 35 ዲግሪ ሲዞር የሁለቱ ርቀት ድምር 2.4 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ይህ ሁሉ ልል ካቦ ነው። ፑሊዎቹ ልክ በክንዱ ጫፍ አንጻር ከተተከሉ ግን ለውጡ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እሱም መጥበቅ እንጂ መላላት አይደለም። ሁልጊዜ የሚላላ መሪ ያለው ጀልባ አንዳንድ ጊዜ የሚፈልገው አዲስ ካቦ ሳይሆን የፑሊ ቦታ ለውጥ ነው።

ሞላው ይህን ልዩነት ይውጣል፤ ሞተሩ ጥልቀት በሌለው ቦታ ወይም በማቆሚያ ላይ ወደ ላይ ሲነሳ የሚመጣውንም ለውጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ሞላ የመስመሩ ደካማ ክፍል ሊሆን ይችላል። መንጠቆው ከዛገ ወይም ከተከፈተ መሪው በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ከሞላው ጎን ለጎን እንደ መጠባበቂያ ትንሽ ልል ሰንሰለት ወይም ትርፍ ካቦ ማሰር ርካሽ መድኅን ነው፤ ሞላው ቢሰበር መሪው ቢላላም አይጠፋም።

የብልሽት ምልክቶች

መሪው ሲዞር ሞተሩ ወዲያውኑ ካልተከተለ በመስመሩ ውስጥ ልልነት አለ። ጀልባው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ግራና ቀኝ የሚቅበዘበዝም ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። መሪው ከብዶ የሚፈተገት ከሆነ ደግሞ ካቦው ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ ወይም የማይሽከረከር ፑሊ አለ፣ ወይም የሞተሩ ምሰሶ ራሱ ግራሶ አጥቶ ደርቋል። የመጨረሻውን ለመለየት ካቦውን ከሞተሩ ፈትቶ ሞተሩን በእጅ ማዞር ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ያለ ጥፋቱ ካቦውን ይቀይራል።

ፕላስቲክ የለበሰ ካቦ አታላይ ነው። ላዩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በአንዲት ስንጥቅ የገባ ውኃ በሽቦዎቹ መካከል ይሰርግና ከውስጥ ያዝገዋል። ፕላስቲኩ ያበጠበት፣ ቡናማ ውኃ የሚያነባበት ወይም በፑሊ ላይ ሲታጠፍ ተሰንጥቆ የሚታይበት ቦታ ካለ ካቦው በሙሉ መቀየር አለበት። ባልለበሰ ካቦ ላይ የተበጠሱ ሽቦዎች እንደ እሾህ ብቅ ይላሉ። እነርሱን በባዶ እጅ መፈለግ ጣት ያስከፍላል፤ ጨርቅ በካቦው ላይ ሲጎተት የተበጠሰው ሽቦ ጨርቁን ይይዘዋል። በተለይ መታየት ያለባቸው ካቦው ከበሮው ላይ የሚገባበትና ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ፑሊዎቹ ላይ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ናቸው፤ መሪው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ አካባቢ ወዲያና ወዲህ ስለሚል ድካሙ እዚያ ይጠራቀማል።

ፑሊ የሚመረመረው መሪው እየተዞረ ነው። መሽከርከር ያቆመ ፑሊ ጎድጓዱ በካቦው ተጋዝቶ ይገኛል። በጨው ውኃ ላይ የማይዝግ ብረት ካቦና የአሉሚኒየም ፑሊ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ምልክቱ ነው። የእንጨት ጀልባ ከሆነ ደግሞ ፑሊው የታሰረበትን እንጨት በካቻቢቴ ጫፍ መውጋት ያስፈልጋል። እንጨቱ ከበሰበሰ ከፊቱ ያለው አዲስ ዕቃ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ካቦ መቀየር

አሮጌው ካቦ ከመፈታቱ በፊት የሚያልፍበትን መንገድ በፎቶ ማንሳት ወይም በወረቀት መንደፍ ግድ ነው። በተለይ ከበሮው ላይ ስንት ጊዜ እንደተጠመጠመና ከየትኛው በኩል እንደሚወጣ መታወቅ አለበት። የካቦው ርዝመት አሮጌውን በመለካት ይታወቃል፤ አሮጌው ከሌለ በሲባጎ መንገዱን ሁሉ ዞሮ ለማሰሪያ ትርፍ መጨመር ይቻላል።

ሥራው የሚጀመረው ከመሪው ነው። የካቦው መካከል ተለይቶ ምልክት ይደረግበትና መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ከበሮው ላይ ይውላል፤ ከዚያም በሁለቱም ወገን እኩል ይጠመጠማል። ካቦው ከበሮው ላይ በማሰሪያ ካልተያዘ ሥራውን የሚሠራው ግጭት ብቻ ነው። ግጭት ደግሞ በጥምጥም ብዛት በጣም ያድጋል፦ የግጭቱ መጠን 0.2 ቢሆን፣ ሦስት ሙሉ ዙር የተጠመጠመ ካቦ በአንድ ወገን ያለ ትንሽ ኃይል በሌላው ወገን ያለ 40 ጊዜ የሚበልጥ ኃይል እንዲይዝ ያደርጋል። ነገር ግን በልሉ ወገን ያለው ውጥረት ዜሮ ከሆነ 40 ጊዜ ዜሮም ዜሮ ነው። የላላ ካቦ ከበሮው ላይ የሚንሸራተተው በዚህ የተነሳ ነው።

ካቦው በፑሊዎቹ ውስጥ ካለፈ በኋላ ጫፉ ከመቆረጡ በፊት ለጊዜው ከሞተሩ ክንድ ጋር ታስሮ አቅጣጫው ይፈተናል። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ክንዱ ወደ ግራ መሄድ አለበት። ካቦው ወደ እያንዳንዱ ፑሊ የሚገባው ከጎድጓዱ ጋር ቀጥ ብሎ ነው፤ በጎን ከገባ የፑሊውን ከንፈር እየፋቀ አንድ ቀን ይዘላል።

የጫፉ ማሰሪያ የብዙ ጥፋት ምንጭ ነው። ካቦው በብረት ውስጠ ቀለበት ዙሪያ ታጥፎ በካቦ ማቀፊያ (ሞርሴቶ) ይያዛል። ማቀፊያው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ፕላስቲኩ መላጥ አለበት፤ ፕላስቲክ ላይ የጠበቀ ማቀፊያ ከጊዜ በኋላ ይንሸራተታል። በዚህ ውፍረት ላለ ካቦ በየጫፉ ቢያንስ ሁለት ማቀፊያ ያስፈልጋል፤ በመካከላቸውም የካቦው ውፍረት ስድስት እጥፍ ያህል ክፍተት ይተዋል። የማቀፊያው ኮርቻ ጭነት በሚሸከመው ወገን፣ የ«ዩ» ቅርጽ ያለው ብሎን ደግሞ በትርፉ ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ብሎኑ ካቦውን ስለሚጨፈልቅ፣ ተገልብጦ ከተገጠመ የሚጨፈለቀው ጭነት ተሸካሚው ክፍል ይሆናል። ዳዶዎቹ መጀመሪያ ይጠብቃሉ፤ ካቦው ከተወጠረ በኋላ ትንሽ ስለሚቀጥን እንደገና መጥበቅ አለባቸው።

መወጠር

ለመወጠር ሞተሩ ወደ ታች ወርዶ ቀጥ እንዲል ይደረግና እንዳይዞር በእንጨት ወይም በገመድ ይያዛል፤ መሪውም መካከል ላይ ይሆናል። በሁለቱም ወገን ማወጠሪያ ብሎን ካለ አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻው ማዞር ሞተሩን ከመካከል ያወጣዋል። አንድ ጊዜ ከግራ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር እያሉ መሄድ ይሻላል። ማወጠሪያ ብሎን በሌለበት ጀልባ ሥራው የሚሠራው ማቀፊያዎቹን አላልቶ ካቦውን በፒንሳ በመሳብ ነው፤ አድካሚ ስለሆነ ማወጠሪያውን ገዝቶ መጨመር ያዋጣል። ማወጠሪያው በንዝረት ራሱን እንዳይፈታ ሥራው ሲያልቅ በሽቦ ይታሰራል።

ልኩን የሚናገረው ሞላው ነው። የሞላው ጥምጥሞች እርስ በርስ ከተነካኩ ውጥረት የለም ማለት ነው። ሞላው እስከ መጨረሻው ከተዘረጋ ደግሞ ሞላ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሽቦ ሆኗል። በመካከሉ ያለው ልክ በጀልባው ጂኦሜትሪ ይወሰናል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ መስመሩ ሲዞር 2.4 ሴንቲ ሜትር ስለሚያጥር፣ ሞተሩ ቀጥ ባለበት ጊዜ የሁለቱ ሞላዎች ዝርግታ ተደምሮ ከዚህ መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ጥጉ ላይ ሲደርስ ካቦው ይላላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሞተሩ ሲገፋ የሚዘረጉበት ቦታ ሊተርፋቸው ይገባል። በአውሮፕላን ጥገና የመሪ ካቦን ውጥረት የሚለካ ልዩ መሣሪያ አለ። ለጀልባ ግን በሁለቱም ጎን ካቦውን በሁለት ፑሊ መካከል በጣት ተጭኖ እኩል መመለሱን ማየት ይበቃል።

ከዚህ በኋላ የሞተሩ ማሰሪያ ተፈቶ መሪው ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። በየትኛውም ቦታ ልሉ ወገን ከፑሊው ጎድጓድ መነሳት፣ የጠበቀውም ወገን መጮኽ የለበትም። ሞተሩን ወደ ላይ አንስቶም ይኸው ይደገማል። ጥብቅ ካቦ ጥሩ መሪ ይመስላል፤ ነገር ግን የፑሊዎቹን ምሰሶና የከበሮውን ማረፊያ ይበላል፣ ሽቦዎቹንም ያደክማል። በእጅ ሲዞር ቀላል የሆነና ልልነት የማይታይበት ትንሹ ውጥረት ይመረጣል።

የመጀመሪያው ጉዞ በዝግታ፣ ሰው በሌለበት ውኃ ላይ ይሁን። አዲስ ካቦ ሽቦዎቹ እስኪቀመጡ ድረስ ስለሚረዝም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደገና መወጠር ይፈልጋል። ቀኝ ዙር ፕሮፔለር ያለው ሞተር በፍጥነት ሲሄድ ጀልባውን ወደ ቀኝ የመሳብ ጠባይ ሊኖረው ይችላል። ይህ ከፕሮፔለሩ የሚመጣ በመሆኑ በካቦ ውጥረት አይስተካከልም። ብዙ ሞተሮች ለዚህ ከፕሮፔለሩ በላይ የምትስተካከል ትንሽ ክንፍ አላቸው።

ነጂው ከሞተር ማጥፊያው ጋር የተያያዘውን ገመድ ከልብሱ ጋር ማሰሩ በዚህ ዓይነቱ መሪ ላይ ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል። በፍጥነት ላይ ካቦ ቢበጠስ ሞተሩ በድንገት ወደ ጥግ ይዞራል፤ ጀልባው በቦታው ሲሽከረከር ሰው ይወረወራል፤ ሰው አልባው ጀልባ ደግሞ ፕሮፔለሩ እየዞረ በወደቀው ሰው ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። አሮጌ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ይህ ማጥፊያ የላቸውም፤ በኋላ ግን ሊገጠምላቸው ይችላል። ካቦው በክፍት ቦታ ስለሚያልፍ የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ ልብስ ወይም ገመድ ፑሊ ውስጥ ገብቶ መሪውን ሊያግደው ይችላል። ተሳፋሪም እንደ መያዣ እንዳይጠቀምበት ሊነገረው ይገባል።

ከሌሎች መሪዎች ጋር ሲነጻጸር

የካቦና ፑሊ መሪን ከገበያ ያስወጣው በሽፋን ውስጥ የሚሄድ ነጠላ ካቦ ነው። ይህ ካቦ ግትር ስለሆነና ሽፋኑ ስለሚይዘው መሳብም መግፋትም ይችላል፤ ሁለት ወገን፣ ፑሊ፣ ሞላና ማወጠሪያ አይፈልግም። ለትልልቅ ሞተሮች ደግሞ በዘይት ግፊት የሚሠራ መሪ አለ። የካቦና ፑሊ መሪ ግን ዛሬም የራሱ ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለው፤ እሱም አይኤስኦ 8847 ነው።

አሮጌ ጀልባ ያለው ሰው ወደ ነጠላ ካቦ ለመቀየር ሲፈልግ የሚያጋጥመው ችግር ሞተሩ ነው። ነጠላው ካቦ በብዛት የሚገባው ሞተሩ በሚነሳበት መታጠፊያ ውስጥ ባለ ክፍት ቱቦ ሲሆን፣ ብዙ የ1950ዎቹ ሞተሮች ይህ ቱቦ የላቸውም። በጀልባው ግድግዳ ላይ የሚገጠም መያዣ ተሠርቶ መቀየር ቢቻልም ለትንሽ ሞተር ድካሙና ወጪው አያዋጣም። በአንጻሩ የካቦና ፑሊ መሪ ሁሉ ነገሩ በዓይን የሚታይ ነው፤ የዛገው ካቦ፣ የተበላው ፑሊ፣ የተከፈተው ሞላ ሳይፈታ ይመረመራል። በሽፋን ውስጥ ያለ ካቦ ግን ውኃ ገብቶ ሲዝግ ምልክት የሚሰጠው መሪው መክበድ ሲጀምር ነው።